መዘውሯን ያዞረው እጅ

ማርች 4

«የምርመራ መዝገቡ ተዘግቷል። በቪዲዮው እንደሚታየው፣ የመድኃኒቱ ቱቦ መዘውር በተከፈተችበት ቅጽበት የተጠርጣሪው የአቶ ቱማሽ ካቬን ቀኝ እጅ በእህቱ በሟች ባርላ ካቬን እጅ ላይ ነበር። መዘውሯን ያዞረው የማን እጅ እንደሆነ ሊረጋገጥ አልቻለም። ጥርጣሬው ለተጠርጣሪው ጥቅም ተወስዷል። ሟች በዚያው ቅጽበት ስለ ካርታ ጨዋታ የተናገረችው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት፤ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት በአደራ መጣ። ፖስተኛዋ ስታስፈርመኝ «መልካም ዜና ይሁን» አለች። ዜናውማ መልካም ነው። ደሜ የፈላው ለዚሁ ነው።

«ሊረጋገጥ አልቻለም።» ማን ሞከረ? ማን ለካ? በዚህ ሸለቆ መሬት ስቀይስ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። በአንድም ፕላን ላይ «ድንበሩ የት እንደሆነ ሊረጋገጥ አልቻለም» ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ካልታወቀ ተመልሼ እሄዳለሁ። በረዶ ከሸፈነው በረዶው እስኪቀልጥ እጠብቃለሁ። ይህች አቃቤ ሕግ ግን ቢሮዋ ተቀምጣ አንድ ጊዜ ቪዲዮ አየችና ፈረመች።

ሕጉ ግልጽ ነው። ባርላ ራሷ ካዞረችው ራሷን ነው ያጠፋችው፤ አጠገቧ የነበርነው ረዳቶች ነን፣ ከሞቷ የግል ጥቅም እስካልፈለግን ድረስም አንቀጽ 115 አይነካንም። እኔ ካዞርኩት ግን፣ እሷ እየለመነችኝ እንኳ ቢሆን፣ ገዳይ ነኝ፤ አንቀጽ 114። ልመናዋ ካልታመነ ደግሞ ከዚያ የከፉት አንቀጾች አሉ። አቃቤ ሕጓ በመጀመሪያው ቀን ምርመራ «ግድያ» የሚለውን ቃል በአፏ ብላዋለች፤ ቀስ ብላ፣ ጣፋጭ እንደምትቀምስ ሰው። በእነዚህ ሁሉ መካከል የቆመው ድንበር የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የፕላስቲክ መዘውር ናት።

እና «ሊረጋገጥ አልቻለም።»

ማርች 7

ላዲና ከበርን ከተማ ደወለች። የባርላ አንድ ልጅ ናት። የደብዳቤው ግልባጭ ለእሷም ደርሷታል።

«አጎቴ፣ አለቀ! ተመስገን።»

«አላለቀም።»

«እንዴት አላለቀም? ለቀቁህ እኮ።»

«አልለቀቁኝም። ተጠራጠሩልኝ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ሌባ አይደለህም መባልና ስትሰርቅ አላየንህም መባል ላንቺ አንድ ነው?»

እናቷ የሞተች ቀን ላዲና ወጥ ቤት ነበረች። «አንቺ እንዳታዪ» ያለቻት እናቷ ናት። የታጠቡትን ሳህኖች ደግማ ስታጥብ የውሃው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤» አለች በመጨረሻ። «ማን ነው ያዞረው?»

«እናትሽ።»

«እሺ።»

ላዲና ጥርስ ሐኪም ናት። አፉን የከፈተ በሽተኛ «አያመኝም» ሲላት «እሺ» የምትለው እንዲህ ነው።

እዚያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

በሽታው ጡንቻን አንድ በአንድ የሚያጠፋው ነው። በመጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ክንዷን፣ ከዚያ ምላሷን ያዘ። አእምሮዋን አልነካም፤ እንዲያውም የሳለው ይመስለኛል። «እስትንፋሴን እስኪወስድ አልጠብቀውም፤ መጥቶ ሳይነግረኝ በፊት እኔ ልንገረው» ስትል የተቃወምኳት መስሏት ከሆነ ተሳስታለች። ሞታቸውን ለመረጡ ሕመምተኞች የሚረዳው ማኅበር ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ። የሐኪሞቹን ማስረጃ የሰበሰብኩት፣ ቀኑን ያስቆረጥኩት፣ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች የሚጠቅመውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። መብቷ ነው አልኩ። አሁንም እላለሁ።

ከማኅበሩ የመጡት ወይዘሮ ኤግሊ የዙሪክ ሰው ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ሽበታቸውን አሳጥረው የተቆረጡ። መርፌውን ካስገቡ በኋላ መዘውሯን በባርላ አውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መካከል አስቀመጡላትና ወደ እኔ ዞሩ፦ «ከአሁን በኋላ ማንም እጇን እንዳይነካ። ያውቃሉ።» አውቃለሁ አልኩ። ያላነበብኩት ነገር የለምና።

ታዲያ እጄ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?

አሳረፍኳት። ለፖሊስ ያልኩት ይህንኑ ነው፦ እጄን አሳረፍኩ። አለመጫኔን እርግጠኛ ነኝ። ግን «እርግጠኛ ነኝ» ልኬት አይደለም። ደንበኞቼ ሁሉ ድንበራቸው የት እንደሆነ እርግጠኛ ናቸው።

ማርች 11

መጠጥ ቤት ወረድኩ። ባርላ ከሞተችበት ከጃንዋሪ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ፕላሲና ጊዮን በጥጉ ጠረጴዛ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ጨዋታችን አራት ሰው ስለሚፈልግ ካርታው ሳይበወዝ ቁጭ ብሏል። ፕላሲ የፖስታ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። ጊዮን የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ነው። ቄሱ ፊቱን አኮሳትሮም ቢሆን ጊዮን ለባርላ ደወሉን ሙሉውን ደውሎላታል።

የደብዳቤውን ነገር መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ፕላሲ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስነዳ ኖርኩ፤» አለ። «በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። የሚወርደው ግን ሰውየው ነው፣ በገዛ እግሩ! ወርዶ ገደል ቢገባ እኔ ምን አገባኝ?»

«አውቶቡሱ ቆሞ ከሆነ ነዋ፤» አለ ጊዮን።

«ቆሞ ነው እንጂ! ሳልቆም በር ከፍቼ አውቃለሁ?»

«አማቴን ያወረድክ ለት…»

«አማትህ ራሷ ናት የዘለለችው! ካንተ ጋር ለፋሲካ ከምትቀመጥ ብላ!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። የሚገርመው፣ ፕላሲ ሳያውቀው የነካው ነገር መጽሐፎቹ በሃያ ገጽ የሚጽፉት ነው። በሩን መክፈት አንድ ነገር ነው፣ መግፋት ሌላ። በሩ ጠጣር ሆኖ ሰውየው ቢያቅተውና ሾፌሩ ቢያግዘውስ? ግማሹን እሱ፣ ግማሹን ሾፌሩ ቢከፍቱትስ? ይህን ጠየቅኋቸው። ፕላሲ «የአውቶቡሴ በር የሚከፈተው በአየር ነው፣ ግማሽ የለውም» አለ።

ከዚያ ጊዮን ቢራውን እያየ፣ «ግን ቱማሽ፣ ካርታዋንስ አንተ አልነበርክ የምትጥልላት?» አለ።

በክፋት አይደለም ያለው። ሳቁ ግን ቆመ። የቢራዬን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ

የካርታው ነገር እንዲህ ነው። እኔና ባርላ ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ወገን የምንጫወት ጓዶች ነበርን። እጇ ካርታ መያዝ ሲያቅተው ፕላሲና ጊዮን ወደ ቤቷ መምጣት ጀመሩ፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ካርታዋን በፊቷ ይዤ፣ በዓይኗ የምታየውን እጥልላት ነበር። ደንቡ ይኸው ነበር። ያየችውን እጥላለሁ።

አንድ ምሽት የልብ ዐሥርን አየች። ጅልነት ነበር። እኔ አሱን ጣልኩ፤ ዙሩን በላን፤ ጨዋታውንም አሸነፍን። ፕላሲ ተሳደበ፣ ጊዮን አጨበጨበ። ባርላ በዚያን ጊዜ ቃላቷን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች ነበር የምታወጣው።

«ያ… የኔ ካርታ… አይደለም። የበላኸው… አንተ ነህ። እኔ… አልተጫወትኩም።»

ቅንድቧ ተገናኝቶ፣ ከንፈሯ ወደ ግራ ተጎትቶ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትናደድ እንዲያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ካርታ አላይም አለች። የተመለሰችው በሁለቱ ሰዎች ፊት ካስማለችኝ በኋላ ነው፦ ጅልነትም ቢሆን፣ ያየችውን። ማልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሸነፍን። ደስ ይላት ነበር።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። አቃቤ ሕጓ እንደምትለው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም።

ማርች 16

ከተማ ወርጄ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ያችን ዓይነት ቱቦ ጠየቅሁ።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«ታመሙ?»

«ልለካው ነው።»

«ምኑን?»

«መዘውሯ ለመዞር ምን ያህል ጉልበት እንደምትፈልግ።»

ሴትየዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ጌታው፣ እዚህ ስሠራ መዘውሯ ከበደችኝ ብሎ የመጣ የለም።»

«የከበዳቸው አይመጡማ።»

ሦስት ሸጠችልኝ። እስክወጣ በዓይኗ ተከተለችኝ።

ቤት ውስጥ የዓሣ ሚዛኔን አሰርኩባትና ቀስ ብዬ ሳብኩ። ከአራት መቶ ግራም በላይ ትፈልጋለች። ያን ያህል ነው ሕይወትንና ሞትን የሚለየው፤ አንድ ትልቅ ብርቱካን ብትሰቅልባት ትዞራለች። ይህን ሳውቅ፣ እውነቴን ነው፣ ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ። የሚለካ ነገር ነው። ሊረጋገጥ ይችላል።

ቀጥሎ የባርላ ጣት። በመጨረሻዎቹ ቀኖች በጣቷ ትሠራው የነበረው አንድ ነገር የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ መጫን ነበር። መቆጣጠሪያው እኔ ዘንድ ነው። ለካሁት። ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም።

ሁለት መቶ ሃምሳ ተጭና ትደክም ነበር።

ስሌቱ ስህተት አለበት።

ማርች 19

ደገምኩት። ያው።

ማርች 20

በሁለተኛዋ መዘውር። ያው። ሦስተኛዋ ትንሽ ትቀላለች። ትንሽ።

ማርች 23

ከሰዓት በኋላ ተዳፋቱ ላይ ነበርኩ፤ ሥራ። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ በረዶውን እየላሰው ነው። ራስ ምታት። መንደሩ ሁሉ ራስ ምታት።

ሁለት መቶ ሃምሳና አራት መቶ። ቀሪውን ማን ሞላው? እዚያ አልጋ ላይ ሁለት እጅ ብቻ ነበር።

አሳረፍኩ ነው ያልኩት። ያረፈች እጅም ክብደት አላት። የኔን ለካኋት፤ ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ ሳልጫን።

ቁጥሩን አልጽፈውም። ይበቃ ነበር።

ማርች 27

አቃቤ ሕጓ ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ጸሐፊዋ ናት።

«እንኳን ደስ ያለዎት አቶ ካቬን፣ መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ቪዲዮውን ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያም እንዲከፈት።»

«ምን እንዲከፈት?»

«መዝገቡ።»

«ጌታዬ፣ ሰዎች እዚህ የሚደውሉት እንዲዘጋላቸው ነው።»

«እኔ ሰዎች አይደለሁም።»

«ጠበቃ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ቢኖርዎት ኖሮ ይህን ስልክ እንዳይደውሉ ይነግርዎት ነበር።» ደግ ሴት ናት፣ በእውነት ልትረዳኝ ነው የፈለገችው። እሱ ነው የሚያበሳጨው። ሁሉም ደግ ሆኖብኛል። እንዴት ነው በዚህ አገር አንድ ሰው እንኳ በትክክል የማይከሰኝ?

ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ኤፕሪል 10

አየሁት።

አጠገቤ የተቀመጠው ያን ቀን ቤታችን የመጣው ፖሊስ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞት ሲኖር ፖሊስ፣ ሐኪምና አቃቤ ሕግ መምጣታቸው ደንብ ነው። ባርላ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፦ «ጫማቸውን… ያውልቁ። ብሞትም… ወለሉ ወለል ነው።» ነገርኳቸው። ሁሉም በካልሲ ቆመው መረመሩኝ። «ግድያ» የሚለውን ቃል የሰማሁት ግራጫ የሱፍ ካልሲ ካደረገች ሴት ነው።

ቪዲዮው። የወይዘሮ ኤግሊ ድምፅ፦ «ይህን ብትከፍቺ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» ባርላ፦ «እ…ሞታለሁ።» «የምትፈልጊው ነው?» «አዎ።» ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ። ከዚያ ከቀኝ በኩል አንድ ትከሻ ይገባና ፊቷን ይጋርደዋል። የኔ ትከሻ ነው። እጄ በእጇ ላይ ትወርዳለች።

አላረፈችም። የጣቶቼ አንጓዎች ነጥተዋል።

ከዚያ ባርላ፣ በግልጽ፣ ከወራት ወዲህ ሰምቼላት በማላውቀው ጥራት፦

«ቱማሽ። ካርታው የኔ ነው።»

መዘውሯ ዞረች። እጄ ተነሣች።

የቪዲዮውን ንግግር ወደ ጽሑፍ የገለበጡት «ስለ ካርታ ጨዋታ፤ መቃዠት ሳይሆን አይቀርም» ብለው ጽፈዋል። በሽታው አእምሮ እንደማይነካ ማንበብ አቃታቸው?

ቃሉን ረስቼው አልነበረም። አልረሳሁትም። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንዳለው አላሰብኩም ነበር እንጂ።

«እንደገና» አልኩት። ፖሊሱ ደገመልኝ። «እንደገና።» በአምስተኛው ላይ፣ «አቶ ካቬን፣» አለ፣ «ግፊት እንዳለ እኛም አይተናል። ይህን ቢተዉት ይሻልዎታል።»

ክርኔን እየተመለከትኩ ነበር።

ማታ

መኝታ ቤት፣ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት። መዘውሯን ባርላ እንደያዘችው አልጋው ራስጌ ላይ አሰርኳት፤ በዚያው ከፍታ። ትከሻዬን እንደዚያ አዘነበልኩ። ወደ መክፈቻው ስገፋ ክርኔ ይወርዳል። ሌላ መንገድ የለውም፤ የሰው ክንድ አጥንት እንዲያ ነው የተሠራው። ወደ መዝጊያው ስገፋ ክርኔ ይነሣል።

ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። ሁልጊዜ እንደዚያው ነው።

በቪዲዮው ክርኔ ወደ ላይ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉልበት ለካሁ። ምን ያህል፣ ምን ያህል እያልኩ። ወዴት ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢያደርገው ከክፍል አስወጣው ነበር።

ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለም።

ኤፕሪል 14

ወይዘሮ ኤግሊን በስልክ አገኘኋቸው። በመጀመሪያ ተጠነቀቁ።

«ለፖሊስ የተናገርኩት አለ አቶ ካቬን። መዘውሯን አላየሁም። ሁልጊዜ የማየው ፊታቸውን ነው፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ የሚታየው እዚያ ነው።»

«ፊቷን አዩ ማለት ነው?»

«አየሁ እንጂ። እርስዎ ለካሜራው ጋረዱት እንጂ ለኔ አልጋረዱትም።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ይህን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔ እየጠየቅሁ ነው።»

«አይቀየሙኝም? ተናዳ ነበር። ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፤ የፈራ አይቻለሁ፣ የሣቀ አይቻለሁ። እንደዚያ የተናደደ ግን አላየሁም። ቅንድቧ ተገናኝቶ፣ ከንፈሯ ተጎትቶ… ትዕግሥቷ ያለቀ ሰው። ከሞት ጋር አልነበረም የተጣላችው። ከሰው ጋር ነው።»

«ከንፈሯ በየት በኩል ነው የተጎተተው?»

«በየት በኩል? …በግራ ይመስለኛል። ለምን?»

አመሰገንኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቅ አልነበረም።

ኤፕሪል 20፣ የፋሲካ ማግስት

ላዲና ለበዓሉ መጥታለች። ገብስ ሾርባ ሠራች፤ የእናቷን ያህል አልሆነም፤ አልነገርኳትም። ነገርኳት። ማንኪያውን ሰጠችኝና «ራስህ ሥራው» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ የተቀቀሉትን ባለቀለም እንቁላሎች አመጣች። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው በጫፉ ይመታል፤ የተሰነጠቀበት ተሸናፊ ነው። እኔ ያዝኩ፣ እሷ መታች፤ የሷ ተሰነጠቀ።

«አጭበረበርክ!»

«ምን አደረግሁ?»

«ያዝ እንጂ አትግፋ! የያዘ አይገፋም። ሁልጊዜ እኮ ትገፋለህ አጎቴ፣ እማዬም…»

አላስጨረስኳት።

«ያን ቀንም ገፍቻለሁ» አልኩ።

ላዲና እንቁላሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ምን እንደመሰላት ገባኝ፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ የመሰላት ያው ነው።

«እንዲከፈት አይደለም» አልኩ። «እንዳይከፈት።»

ሁሉንም ነገርኳት። ክርኑን፣ መስታወቱን፣ የወይዘሮ ኤግሊን ነገር፣ ካርታውን። ቱቦውን አውጥቼ አሳየኋት፤ ክርንሽን እዪ አልኳት፣ በይ አሁን ወደ ታች፣ በይ አሁን ወደ ላይ። ታዘዘችኝ። ከዚያ አፏን በመዳፏ ይዛ ተንፈቀፈቀች፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አልለየሁም።

«እማዬን? አንተ? እማዬን ልታስቆም?»

«አላስቆምኳትም።»

«ማን አስቁሟት ያውቃል!» ዓይኗን ጠረገች። «ወረቀቱን ሁሉ የጨረስክላት አንተ አልነበርክ እንዴ? መብቷ ነው ስትል የነበርከው?»

«መብቷ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? እጅ ናት። እጅ ሕግ አታነብም።»

ቱቦውን ጠቅልዬ ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ለአቃቤ ሕጓ እንደምጽፍ ስነግራት ሳቁ ጠፋ።

«አብደሃል? ተዘግቷል እኮ! እንዳትከፍት ይዤያት ነበር ብትላቸው ያምኑሃል? እጅህ መጫኑን በራስህ አፍ ልታምንላቸው ነው። ክርን ምናምን ብለህ? ካላመኑህስ?»

«ካላመኑኝ 114 ነው። እስከ ሦስት ዓመት።»

«ስለ ሾርባ ነው እንዴ የምታወራው? እኔ አምኜሃለሁ። አወቅሁ፤ እናቴ ናት፣ በቃ። ለነሱ ምን አስጨነቀህ?»

«ያንን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው። ሊረጋገጥ አልቻለም የሚለው ስለኔ አይደለም። ስለሷ ነው። በሕይወቷ የመጨረሻውን ካርታ ጣለች፣ እነሱ ግን አልተጫወተችም ብለው ጽፈዋል።»

የኔን እንቁላል አነሣችና ላጠችው። ግማሹን ሰጠችኝ።

«ወደ በርን ከመመለሴ በፊት ረቂቁን አሳየኝ» አለች። «ስድቡን እኔ አወጣልሃለሁ።»

ኤፕሪል 21

ላዲና አራተኛ ሆና ከፕላሲና ከጊዮን ጋር ተጫወትን። መጥፎ ተጫዋች ናት። አስን ትታ ዐሥር ጣለች።

ምንም አላልኩም።

ሜይ 6

በረዶው ከላይኛው መስክ ለቀቀ። ዓመት ዓመት እንደማደርገው የድንበር ድንጋዮቹን ለማየት ወጣሁ። ያ ተዳፋት ይንሸራተታል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳሩንም ድንጋዩንም ይዞ። ፕላኑና መሬቱ ሲጋጩ ልክ የሚባለው ፕላኑ ነው ይላል ሕጉ። ግን የሚንሸራተት መሬት ላይ ይህ አይሠራም ብሎ ራሱ ሕጉ ጽፏል። እዚያ መሬቱን ሄዶ ማየት ግድ ነው።

ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም የሚጫን ጣት አራት መቶ የሚፈልገውን መዘውር፣ በላዩ ላይ የኔን ግፊት ጨምሮ፣ ማዞር አይችልም። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ አይችልም። አዞረችው። እንግዲህ ስህተቱ የኔ ልኬት ነው። የለካሁት በሰላም ቴሌቪዥን የምታይ ሴትን ጣት ነው። የተናደደች ባርላን የሚለካ ሚዛን የለኝም።

ድንጋዩን ካገኘሁበት አልነቀነቅሁትም። ያለበትን ጻፍኩ።

ሜይ 11

ዛሬ በአደራ ላክሁት። ላዲና ሁለት ስድብ አወጣች፤ አንዱን መለስኩት። ግልባጩ ይኸው፦

«ክብርት አቃቤ ሕግ፣

የማቀርበው ምስጋና አይደለም፤ ምሕረትም አልጠየቅሁም። የአቤቱታ ማቅረቢያው ዐሥር ቀን አልፏል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እርስዎ ለመለካት አንድ ሰዓት ቢሰጡ ኖሮ ዐሥር ቀኑ ባላስፈለገ ነበር።

የእጄ ግፊት በቪዲዮው ላይ አለ። አቅጣጫውም አለ፤ ክርኔን ይዩ። የሙከራውን ፎቶግራፎች አያይዣለሁ። ወይዘሮ ኤግሊ በዚያ ቅጽበት የእህቴን ፊት ማየታቸውን እንዲጠይቋቸው እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አልጠየቋቸውም። ፕላሲ ዴርንግስና ጊዮን ማይሰን የተባሉ ሁለት ምስክሮች ደግሞ በካርታ ጨዋታችን መካከል ምን ዓይነት መሐላ እንደነበረና ለምን እንደማልኩ ይነግሩዎታል።

በዚህም መሠረት ‹መዘውሯን ያዞረው የማን እጅ እንደሆነ ሊረጋገጥ አልቻለም› የሚለው እንዲሰረዝና በቦታው የሚከተለው እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፦ ‹ወንድሟ መዘውሯ እንዳትከፈት ይዞ ነበር። ባርላ ካቬን እሱን አሸንፋ በገዛ እጇ ከፈተችው።› ‹ስለ ካርታ ጨዋታ የተናገረችው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም› የሚለውም ይሰረዝ። ጉዳዩ እሱ ነው።

ይህን አላምንም ካሉ ደግሞ ይክሰሱኝ። አንቀጹን በቁጥሩ ጠቅሰው፣ ስሜን ጽፈው፣ ፈርመው ይክሰሱኝ፤ ፍርድ ቤት ፊት ክርኔን አሳያለሁ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ጥርጣሬዎን ግን ለኔ ጥቅም አይውሰዱት፤ ከእህቴ ላይ ነው የሚወስዱት።

እስከ ሜይ 31 ድረስ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።»